ችግር ሁሉ «ፎርማት ይደረግ» ከተባለ፦ የትንሽ ድርጅት የአይቲ ድጋፍ መበላሸቱ በምን ይታወቃል?

ሰርቨር_ክፍል · ኅዳር 2 ቀን 2018

ከ5 እስከ 30 ኮምፒውተር ላላቸው ቤቶች ነው የምጽፈው፤ አስመጪ፣ ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ፣ የጉዞ ወኪል። አብዛኞቹ ቋሚ የአይቲ ሠራተኛ የላቸውም። በወር ክፍያ የሚመጣ አንድ ባለሙያ ወይም ሲደወልለት ብቻ ብቅ የሚል ልጅ አላቸው። ባለቤቱ ቴክኒኩን ስለማያውቅ ሥራውን የሚለካው «ስንጠራው ይመጣል ወይ?» በሚለው ብቻ ነው። ቶሎ መምጣቱ ጥሩ፤ ግን ለዚያው ለአንድ ችግር በየወሩ ቶሎ የሚመጣ ሰው ችግሩን አልፈታውም።

ለእኔ ዋናው ምልክት «ፎርማት» ነው፤ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ዘገየ፣ ፎርማት። ፕሪንተሩ እምቢ አለ፣ ፎርማት። ኤክሴል ተንጠለጠለ፣ ፎርማት። ለባለሙያው ቀላል ነው፤ ፍላሹን ይሰካል፣ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ምክንያቱን መፈለግ አይጠበቅበትም። የመዘግየቱ ምክንያት እየሞተ ያለ ዲስክ ከሆነ ግን ፎርማቱ ለጥቂት ሳምንት ያሳርፍና ዲስኩ አንድ ቀን ፋይሉን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ «ፎርማት» ሲባል «መጀመሪያ የዲስኩን ጤና አሳየኝ» በሉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ከፍቶ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከላይ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ አደጋ አለ። ከዝርዝሩ ውስጥ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን ረድፎች እዩ። 05 ማለት ዲስኩ የተበላሸ ቦታውን ትቶ በመጠባበቂያ ቦታ የተካበት ብዛት ነው። ሲ5 ደግሞ ማንበብ አቅቶት ገና ያልወሰነበት ቦታ ነው፤ ሲ6 ጨርሶ ሊነበብ ያልቻለው። ሲ5 ከዜሮ ካለፈ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፋይል ማውጣት፣ ዲስክ መቀየር፣ ከዚያ ዊንዶውስ መጫን። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ማሽኑ ከዘገየ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ 4 ጊጋ ራም እና የሚሽከረከረው አሮጌ ዲስክ ነው፤ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ እና 8 ጊጋ ራም ማስገባት አሥር ጊዜ ፎርማት ከማድረግ ይሻላል።

ፎርማት ምን ይዞ እንደሚሄድ የማይጠይቅ ባለሙያም ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ዴስክቶፕና ዶክመንትስን ገልብጦ «ጨርሻለሁ» ይላል። የሚረሱት ሁልጊዜ እነዚሁ ናቸው፦ አውትሉክ ኢሜይሉን ወደ ኮምፒውተሩ በሚያወርደው በፖፕ3 የተሞላ ከሆነ ኢሜይሉ ያለው በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ሰርቨር ላይ ቅጂ ላይኖር ይችላል። ክሮም ውስጥ የተቀመጡ ፓስወርዶች። የስካነሩ ፎልደር። የአማርኛ ፎንቶችም አሉ፤ በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ውል ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይከፈታል፣ ጸሐፊዋም ፋይሉ የተበላሸ ይመስላታል። በኒያላ የተጻፈውም ቢሆን ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ አብሮ ስለማይጫን በሌላ ፎንት ይተካና መስመሩና ገጹ ይዛነፋል። ከሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብቶ የኢትዮፒክ ፎንቶችን መጨመር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እናንተስ ምን ትጨምራላችሁ? በተለይ ቴክኒክ የማያውቅ ባለቤት ራሱ ሊፈትነው የሚችለውን።

---

ሒሳብ_ሹም · ኅዳር 2

እኔ ከሒሳብ ክፍል በኩል ልጨምር። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም ቤት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ «ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) የት ነው?»

መልሱ «ዲ ላይ አለ» ከሆነ ባክአፕ የላችሁም። አብዛኛው ኮምፒውተር አንድ ዲስክ ነው ያለው፤ ሲ እና ዲ የዚያው የአንዱ ዲስክ ሁለት ክፍል ናቸው። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። «ኤክስተርናል ላይ አለ» ከተባለ ደግሞ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ዓመቱን ሙሉ እንደተሰካ መሆኑን እዩ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ሲገባ የተሰካውን ሁሉ ነው የሚቆልፈው።

ሁለተኛው ምልክት፦ ባክአፑ አንድም ቀን ሪስቶር ተደርጎ፣ ማለትም ከቅጂው ተመልሶ፣ አለመሞከሩ። ፋይሉ መኖሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም። አሞካከሩ እንዲህ ነው።

ሁሉም ተጠቃሚ ከፒችትሪ ይውጣ። ከፋይል ሜኑ ባክአፕ ይደረግ፣ በፋይሉ ስም ላይ የድርጅቱ ስም እንዲገባ ምልክት ይደረግ። ፋይሉ ተመሳሳይ ወይም ከዚያ አዲስ እትም ወዳለበት ሌላ ኮምፒውተር ይወሰድ። እዚያ ሪስቶር ሲባል ፕሮግራሙ በነባሩ ድርጅት ላይ ይሁን ወይስ እንደ አዲስ ድርጅት ብሎ ይጠይቃል፤ እንደ አዲስ ድርጅት የሚለው ይመረጥ። ነባሩ ላይ ከተደረገ የዛሬውን ሥራ በትናንቱ ይደመስሳል። ከዚያ ከሁለቱም ላይ ለአንድ ቀን ትራያል ባላንስ አትሙና ድምሩን አስተያዩ። እኩል ከሆነ ባክአፑ ይሠራል። በወር አንዴ፣ ቫት ከታወጀ በኋላ ማድረግ በቂ ነው።

---

ደሞዝ_ከፋይ · ኅዳር 2

እህቴ፣ የእኛ የአይቲ ልጅ የፒችትሪውን ፎልደር በቀጥታ ጉግል ድራይቭ ውስጥ አስገብቶታል። በየሰከንዱ ራሱ ይገለብጣል ይላል። ይህ አይሻልም?

---

ሒሳብ_ሹም · ኅዳር 2

አይሻልም ወንድሜ፣ እንዲያውም ዛሬውኑ ይውጣ። ፒችትሪ የሚሠራው ፐርቬሲቭ በሚባል ዳታቤዝ ነው፤ ሥራ ላይ እያለ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ ይይዛል። ጉግል ድራይቭ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ቆይቶ ሲወስድ እርስ በርሳቸው የማይገጥሙ ፋይሎች ይቀመጣሉ። ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሲንክ ካደረገ (አንዱን ከሌላው ጋር እያመሳሰለ ከገለበጠ) ደግሞ አንዱ የሌላውን ሊሽር ይችላል። ወደ ድራይቭ መግባት ያለበት ከባክአፕ የወጣው አንዱ ፋይል ነው።

ዳታው አሁን የት እንዳለ ለማወቅ ሜንቴይን ከሚለው ሜኑ ካምፓኒ ኢንፎርሜሽንን ክፈት፣ ዳይሬክተሪ የሚለው ቦታ ላይ ተጽፏል። ወረቀት ላይ ገልብጠው፤ ብዙ ቤት ይህን የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ ነው።

---

ሰርቨር_ክፍል · ኅዳር 2

ትክክል። ከሲንክ ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ፦ ሲንክ ራሱ ባክአፕ አይደለም። እዚህ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል፣ እዚህ የተቆለፈው እዚያም ይቆለፋል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘን ፋይል ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ነው የሚያቆየው። በ31ኛው ቀን የሚነቃ ቤት ምንም አያገኝም።

ባለሙያው «ሁሉንም ክላውድ ላይ እጭነዋለሁ» ሲል የመላኪያውን ፍጥነት አስልቶ እንደሆነ ጠይቁት። 20 ጊጋ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመላክ 22 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ያውም መብራትም ኔትወርክም ሳይቋረጥ። ስለዚህ ትንሹ ፋይል፣ ማለትም የሒሳቡ ባክአፕ፣ በየቀኑ ወደ ክላውድ ይሂድ። ትልቁ፣ ስካኑና ፎቶው፣ በሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ይዙር፤ አንዱ ቢሮ ሲሆን ሌላው ከቢሮ ውጭ፣ ዓርብ ዓርብ ይቀያየሩ። የማይሰካው ዲስክ ነው የሚያድናችሁ።

---

ቆርጦ_ቀጥል · ኅዳር 3

ኔትወርክ ላይ የሚታየውን ልንገራችሁ። «ኢንተርኔት ለእኔ ይሠራል፣ ለእሷ አይሠራም፤ ራውተሩን አጥፍተን ስናበራው ደግሞ ለእሷ ይሠራል ለእኔ አይሠራም።» ይህን ሰምቶ ወደ ቴሌ ደውሉ የሚል ባለሙያ ችግሩን አያውቀውም። ዘጠና በመቶ የሚሆነው መስመሩ አይደለም ብል ቁጥሩን ከኪሴ አወጣሁት ትሉኛላችሁ፤ ብቻ መጀመሪያ የሚታየው እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው።

ብዙ ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው። ዋይፋይ ጥግ ላይ አልደርስ ሲል አንድ ሰው ሌላ ራውተር ገዝቶ የኮምፒውተሮቹ ኬብሎች ከሚገናኙበት ሳጥን፣ ከስዊቹ፣ ጋር ሰክቶታል። አሁን በአንድ መስመር ላይ አድራሻ የሚያድሉ ሁለት ራውተሮች አሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ ከመለሰለት ነው አድራሻ የሚወስደው። ከትክክለኛው ከወሰደ ይሠራል፣ ከሁለተኛው ከወሰደ መውጫው ስለማይገጥም ኢንተርኔት የለም።

ማረጋገጫው፦ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ክፈቱ፣ «አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል» የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፉ። ዲኤችሲፒ ሰርቨር (አድራሻ አዳዩ) የሚለውን መስመር በሚሠራው ኮምፒውተርም በማይሠራውም እዩ። አንዱ 192.168.1.1፣ ሌላው 192.168.0.1 ካለ ሁለት አዳይ አለ ማለት ነው። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ኮምፒውተር ከማንም አድራሻ አላገኘም፣ ኬብሉን ወይም ስዊቹን ተመልከቱ።

መፍትሔው አዲስ ዕቃ አይጠይቅም። ሁለተኛው ራውተር ላይ ገብቶ ዲኤችሲፒን ማጥፋት፣ የራሱን አድራሻ ከዋናው ጋር የማይጋጭ ማድረግ፣ ለምሳሌ 192.168.1.2፤ ከዚያ ኬብሉ ዋን በሚለው ቀዳዳ ሳይሆን ከላን ቀዳዳዎች በአንዱ መሰካቱን ማረጋገጥ። ሩብ ሰዓት።

ሌላው ምልክት ኬብል ነው። ስዊቹም ኮምፒውተሩም ጊጋቢት ሆነው መስመሩ 100 ሜጋቢት ላይ ከቆመ ብዙውን ጊዜ ከስምንቱ ሽቦ ቢያንስ አንዱ አልነካም ማለት ነው፤ ለ100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ይበቃል፣ ለጊጋቢት አራቱም ያስፈልጋሉ። ጫፉን ቆርጦ እንደገና መምታት እንጂ «ስዊቹ አርጅቷል፣ ይገዛ» አይደለም። ባለሙያችሁ የኬብል መሞከሪያ ሳይዝ የሚመጣ ከሆነ የሚሠራው በግምት ነው። የመሞከሪያው ዋጋ ከአንድ የቤት ጉብኝት ክፍያ ብዙ አይርቅም።

---

ወርኃዊ_ኮንትራት · ኅዳር 3

ሁላችሁም ባለሙያውን ብቻ ነው የምትወቅሱት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው) ግዙ ሲባል «በሚቀጥለው ወር»፣ ዲስክ ግዙ ሲባል «ያለው ይበቃል» የሚል ባለቤት በበዛበት አገር ባለሙያው ምን ያድርግ? በወር አንድ የምሳ ግብዣ የማትሸፍን ክፍያ እየከፈሉ የባንክ ዓይነት አገልግሎት መጠበቅም አለ።

---

ሰርቨር_ክፍል · ኅዳር 3

ግማሹን እቀበላለሁ። ልዩነቱ ግን ጽሑፍ ላይ ነው። ደህና ባለሙያ «ዲስኩ ይህን ይህን ያሳያል፣ መቀየር አለበት፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ካልተቀየረ ሊሆን የሚችለው ይህ ነው» ብሎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይልካል። ባለቤቱ እምቢ ካለ እምቢታው ተመዝግቧል። ደካማው በቃል አንዴ ተናግሮ ይተወዋል፤ ሲፈነዳ «ነግሬያችሁ ነበር» ይላል።

ከዚያ ቤት ውስጥ የተጻፈ ነገር ፈልጉ። የኮምፒውተሮች ዝርዝር አለ? የትኛው መቼ ተገዛ፣ ስንት ራም አለው? የኔትወርኩ ንድፍ፣ በእጅ የተሳለም ቢሆን? ባለፉት ሦስት ወራት ምን እንደተበላሸና ምን እንደተደረገ? አንዱም ከሌለ ድጋፉ ያለው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

---

ወርኃዊ_ኮንትራት · ኅዳር 3

እሺ፣ ይህ ልክ ነው። እንግዲህ ውሉ ላይ እንነጋገር፤ ጠቡ የሚነሳው ከዚያ ነው። «የአይቲ ድጋፍ ይሰጣል» የሚል አንድ መስመር ውል አይባልም። ቢያንስ ሁለት ጊዜዎች ተለይተው ይጻፉ፦ ምላሽ የሚሰጥበትና ሥራው የሚያልቅበት። «በ2 ሰዓት ውስጥ» ብሎ የፈረመ ሰው በ2 ሰዓት ውስጥ ስልክ አንስቶ «እመጣለሁ» ማለቱ እንደ ምላሽ ሊቆጠርለት ይችላል።

እኔ የምመክረው ክፍፍል፦ ቢሮው በሙሉ ከቆመ በ2 ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ መገኘት። አንድ ሠራተኛ ብቻ ከቆመ በዚያው የሥራ ቀን። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ወይም ሲወጣ አካውንቱን መክፈትና መዝጋት በ1 የሥራ ቀን። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው የሒሳብ መዝጊያና የግብር ወቅት የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር እንደ «ቢሮው በሙሉ ቆመ» ይቆጠር። የዕቃ ዋጋ ከአገልግሎት ዋጋ ይለይ፤ ዕቃው በድርጅቱ ስም ደረሰኝ ይምጣ። አሮጌው ዲስክ ለድርጅቱ ይመለስ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ «ሞቷል» ተብሎ የተወሰደ ዲስክ ውስጥ የደንበኞቻችሁ ስም ዝርዝር አለ።

ከርቀት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ነፃውን ቲምቪወር የሚጠቀም ከሆነም እዩት። ነፃው ለግል ጥቅም ነው፤ ለንግድ መዋሉ ሲጠረጠር ግንኙነቱን በደቂቃዎች ውስጥ ይቆርጠዋል። በየአምስት ደቂቃው «እንደገና ቁጥሩን ላኩልኝ» የሚባለው ለዚያ ነው።

---

ፖርት_3389 · ኅዳር 4

ደኅንነትን ማንም አላነሳውም። ሦስት ፈተና፤ ሁሉንም ባለቤቱ ራሱ ያደርጋቸዋል።

አንድ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ፣ ቫይረስ ኤንድ ስሬት ፕሮቴክሽን፣ ከዚያ ማኔጅ ሴቲንግስ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ ኤክስክሉዥንስ። እዚያ ሲ ድራይቭ በሙሉ ወይም አንድ የማታውቁት ፎልደር ተጽፎ ካገኛችሁ፣ አንቲቫይረሱ ያን ቦታ እንዳያይ ታዟል። ብዙ ጊዜ የተሰበረ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተደረገ፣ ሶፍትዌር ሲጫን የሚደረግ ነው።

ሁለት። የዊንዶውሱን ፈቃድ። የትዕዛዝ መስኮት ላይ ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር የሚሉትን አምስት ፊደላት፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ዲ-ኤል-ቪ ብላችሁ በላቲን ጻፉ። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ኬኤምኤስ ክላየንት የሚል ካያችሁና የሚያልቅበት ቀን ካለው ጠይቁ። ኬኤምኤስ ለብዙ ኮምፒውተር ዊንዶውስ የሚያነቃ የድርጅት ሥርዓት ነው፣ ፈቃዱ ካልታደሰ በ180 ቀን ያበቃል፤ የማይክሮሶፍት ትክክለኛው ኬኤምኤስ ሰርቨር ደግሞ ዊንዶውስ ለማንቃት ቢያንስ 25 ኮምፒውተር ይፈልጋል። 12 ኮምፒውተር ባለው ቢሮ ውስጥ ይህ ከታየ፣ ከእናንተ በላይ የሆነ ዋና መሥሪያ ቤት ሰርቨር ከሌላችሁ በቀር፣ የተሰበረ ማንቂያ ነው። ያንን ማንቂያ ከምን ገጽ እንዳወረደው ደግሞ ማንም አያውቅም።

ሦስት። ቋሚ አይፒ (የማይቀያየር የኢንተርኔት አድራሻ) የገዛ ቤት ከሆናችሁ ስልካችሁን ከዋይፋይ አውጥታችሁ በሞባይል ዳታ ላይ አድርጉ። የማይክሮሶፍትን የሪሞት ዴስክቶፕ መተግበሪያ (አሁን ዊንዶውስ አፕ ይባላል) ጫኑ፣ የቢሮውን አይፒ አስገቡ። ስምና ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ዓለም ሁሉ የሚጠይቀው እሱኑ ነው። 3389 የሚባለው የሪሞት ዴስክቶፕ በር (ፖርት) ክፍት ነው፤ ቀን ከሌት ፓስወርድ የሚሞክሩ ማሽኖች ያገኙታል። ቁጥሩን ወደ 3390 መቀየር መደበቅ አይደለም። መግቢያው በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሠጠረ የግል መስመር፣ ይሁን።

---

ደሞዝ_ከፋይ · ኅዳር 4

ፈቃዱን በዶላር ከየት አምጥተን እንግዛ? እውነቱን እንነጋገር።

---

ፖርት_3389 · ኅዳር 4

እውነቱን ከሆነ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ኦፊስ መኖር የለበትም። ደብዳቤ ብቻ የሚጽፈው ክፍል ሊብረ ኦፊስ ይበቃዋል፣ ነፃ ነው፣ አማርኛውንም በደንብ ይይዛል። አዲስ ወይም ታድሶ የተሸጠ ላፕቶፕ ስትገዙ ዊንዶውሱ ከፋብሪካ የመጣ ፈቃድ ያለው መሆኑን እዩ፤ እሱን ፎርማት አድርጎ የተሰበረ የሚጭን ባለሙያ የከፈላችሁበትን ነው የሚያጠፋው። ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ቁልፍ ማዘርቦርዱ ውስጥ ስላለ ያንኑ እትም መልሶ ሲጭን ራሱ ይነቃል።

ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ስለዚህ ቀን ምንም ያልነገራችሁ ባለሙያ ካለ፣ ያ ብቻውን ይበቃል። ወደ 11 ለመሄድ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ እና በግምት ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ኢንቴል ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ያሉትን ማሽኖች ዘርዝሮ በዓመት ስንት እንደሚተካ ዕቅድ ማቅረብ የእሱ ሥራ ነው።

---

ሒሳብ_ሹም · ኅዳር 4

ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያግደውን ፋየርዎልን ጨምርበት እባክህ። ፒችትሪ በኔትወርክ አልከፍት ሲል መጀመሪያ የሚደረገው ፋየርዎሉን ማጥፋት ነው።

---

ፖርት_3389 · ኅዳር 4

አዎ! ያ እንኳ የታወቀ ነው። ፐርቬሲቭ የሚፈልገው 3351 እና 1583 የሚባሉትን በሮች ነው። ዳታው ያለበት ኮምፒውተር ላይ ለእነዚህ ሁለት፣ ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ፣ ፈቃድ መስጠት ነው። ቤቱ አንድ ቁልፍ ስለጠበቀ በሩን ነቅሎ መጣል የለም። ኮምፒውተሮቻችሁ ላይ ፋየርዎሉ በሦስቱም መስመር ቀይ ከሆነ አንድ ሰው ለአንድ ፕሮግራም ብሎ አጥፍቶ ረስቶታል።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ኅዳር 5

ከዚህ ከሜሪላንድ አንድ ነገር። እዚህ ሆም ኬር፣ ክሊኒክ ወይም የመድኃኒት ቤት የከፈታችሁ ወገኖች፣ የሕሙማንን መረጃ ማየት የሚችል የአይቲ ድርጅት ቢዝነስ አሶሲየት አግሪመንት የሚባለውን ውል መፈረም አለበት፤ ሂፓ የሚባለው የአሜሪካ የጤና መረጃ ሕግ ግዴታ ነው። «እኛ ኮምፒውተር ብቻ ነው የምንሠራው» ብሎ ለመፈረም የሚያንገራግር ካለ ሌላ ፈልጉ። ሠራተኛ በለቀቀ ቀን አካውንቱ ተዘግቶ እንደሆነም ዝርዝሩን አስወጥታችሁ ከደሞዝ መዝገቡ ጋር አስተያዩ። አገር ቤትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ ክሊኒኮች ይህን ነገር ከወዲሁ ቢያስቡበት።

---

መርካቶ_ጅምላ · ኅዳር 5

ሁሉንም አነበብኩ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የእኛ ቤት 14 ኮምፒውተር፣ ካሜራ፣ ዌብሳይትና ኢሜይል አለው። ሁሉም ፓስወርድ ያለው አንድ ልጅ ጋ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን ሲጠየቅ «እኔ አለሁ አይደል?» ነው የሚለው። ለመቀየር ብናስብ ከምን እንጀምር? እንዳንቆለፍ ነው የምንፈራው።

---

ሰርቨር_ክፍል · ኅዳር 5

ጋሼ፣ «እኔ አለሁ አይደል?» የሚለው መልስ ከተዘረዘሩት ምልክቶች ሁሉ በላይ ነው። ልጁ ክፉ ባይሆንም ነገ ሊታመም፣ ውጭ አገር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ እንደ ጠብ ሳይሆን እንደ ርክክብ ያድርጉት፣ ቅደም ተከተሉን ግን አይቀይሩ።

በመጀመሪያ፣ ለማንም ከመናገርዎ በፊት፣ የሒሳቡንና የዋና ዋና ፎልደሮችን ቅጂ በአዲስ ዲስክ አስደርገው ቤትዎ ይውሰዱ።

ቀጥሎ ዶሜይኑ፣ የዌብሳይቱና የኢሜይሉ የተመዘገበ ስም። የዌብሳይታችሁን ስም ሁ-ኢዝ በሚባለው መፈለጊያ ላይ ያስገቡ፤ የት እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያበቃ ያሳያል፣ የባለቤቱ ስም አንዳንዴ ይደበቃል። የተመዘገበው በልጁ ስምና በልጁ ጂሜይል ከሆነ ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው፤ ዶሜይኑን የያዘ ኢሜይሉንም ይዟል። በድርጅቱ ኢሜይል አካውንት ተከፍቶ ወደዚያ ይዛወር። ዶት ኮም ከሆነና ሳይታደስ ካለፈ ከመዝጋቢው የችሮታ ጊዜ በኋላ 30 ቀን በተጨማሪ ክፍያ የማስመለሻ ጊዜ አለው፣ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ይለቀቃል። ዶት ኢቲ ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም ዘንድ በድርጅቱ ስም መሆኑን በንግድ ፈቃድዎ ያረጋግጡ።

ሦስተኛ ኢሜይሉ። ጉግል ወርክስፔስም ሆነ ማይክሮሶፍት 365፣ ዋናው አስተዳዳሪ አካውንት በእርስዎ ስም ይከፈት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫው በእርስዎ ስልክ ይሁን። የልጁን ሥልጣን ወዲያው አይንሱ፤ መጀመሪያ የእርስዎ ገብቶ እንደሚሠራ በሌላ ኮምፒውተር ይሞከር።

---

ቆርጦ_ቀጥል · ኅዳር 5

ካሜራውን እኔ ልመልስ። የሂክቪዥን ዲቪአር (የካሜራው መቅጃ ማሽን) ከሆነ በሁለት ቦታ ነው የሚቆለፈው። አንዱ የማሽኑ የራሱ ፓስወርድ ነው። ሌላው የስልኩ መተግበሪያ ነው፤ ማሽኑ በልጁ አካውንት ከተመዘገበ እርስዎ በራስዎ ስልክ ሊጨምሩት ሲሞክሩ «በሌላ አካውንት ተይዟል» ይላል። ስለዚህ ልጁ ገና እያለ ከእሱ አካውንት ያስወጣው፣ በእርስዎ አካውንት ይግባ፣ ከዚያ እሱን በተጋሪነት ይጨምሩት።

ራውተሩን ደግሞ ፓስወርዱ ካልተገኘ በቀጭን ነገር ተጭኖ ወደ ፋብሪካው መመለስ ይቻላል የሚል ይመጣል። አይቸኩሉ። መስመሩን የሚያስገባው የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አብሮ ይጠፋና ኢንተርኔት የለም። መጀመሪያ የቅንብር ገጾቹ በሙሉ ፎቶ ይነሱ።

---

ወርኃዊ_ኮንትራት · ኅዳር 5

የመጨረሻው ክፍያ ከርክክብ ሰነዱ ፊርማ ጋር ይሁን፣ ክብር በተሞላበት መንገድ። ሰነዱ ላይ፦ የፓስወርድ ዝርዝር፣ የኔትወርክ ንድፍ፣ የባክአፕ ቦታ፣ ዲስክ በቢትሎከር ከተቆለፈ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ባለ48 አሃዝ መክፈቻ። ከተፈረመ በኋላ ኤኒዴስክና ቲምቪወር የሚባሉት የርቀት መግቢያ ፕሮግራሞች ያለ ሰው ፈቃድ የሚገቡበትን ፓስወርድ በየኮምፒውተሩ አጥፉ፤ ይህን ካልነካችሁ ሌላው ፓስወርድ ሁሉ ቢቀየርም በሩ ክፍት ነው።

---

መርካቶ_ጅምላ · ኅዳር 6

ተባረኩ። አንድ የቀረችኝ፦ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ጩኸት እንኳ ሳያሰማ ነው የሚጠፋው፤ ልጁ «ዩፒኤሱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይገዛ» አለ። እውነት ነው?

---

ቆርጦ_ቀጥል · ኅዳር 6

ምናልባት ባትሪው ብቻ ነው። ባለ650 ቪኤው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባለ12 ቮልት፣ 7 አምፒር-አወር ባትሪ አለ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፣ መብራት በሚመላለስበት ቦታ ከዚያ ያነሰ። ነቅላችሁ ክፈቱት፣ ባትሪው ያበጠ ከሆነ አለቀ። ያላበጠ ከሆነ ሙሉ ቀን ቻርጅ አድርጋችሁ ሥራውን ሁሉ ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ ከግድግዳው ንቀሉት፤ አንድ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ 5 ደቂቃ ካልያዘ ባትሪ ቀይሩ። ሲገጠም ቀዩ ሽቦ ከቀዩ ጋር። ከዚያ ሌዘር ፕሪንተሩ ከዩፒኤሱ ላይ ተሰክቶ እንደሆነ እዩ፤ ማሞቂያው ሲነሳ የሚስበውን ያ ዩፒኤስ አይችለውም፣ ተሰክቶ ከሆነ በቀጥታ ወደ ስታቢላይዘሩ አዛውሩት።